ከፋየርዎል ጀርባ ላለ ሰርቨር ፖርት መክፈት፦ በማይክሮቲክ ራውተር፣ ደረጃ በደረጃ

በሐዋሳ በጅምላ መጋዘን፣ በመድኃኒት ቤት፣ በሆቴልና በትምህርት ቤት የኮምፒውተር ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ «ሰርቨሩ ቢሮ ውስጥ በደንብ ይሠራል፤ ከቅርንጫፍ ወይም ከቤት ልከፍተው ስል ግን አይከፈትም፤ ፖርቱን ከፍቻለሁ፤ ታዲያ ምን ቀረ?» መልሱ ብዙ ጊዜ ፖርት ፎርዋርዲንግ የሚባለው ደንብ (ከኢንተርኔት በአንድ ፖርት፣ ማለትም በአንድ የአገልግሎት በር ቁጥር፣ የመጣን ጥያቄ ራውተሩ ቢሮ ውስጥ ወዳለ ሰርቨር እንዲመራ የሚያዘው) ራሱ ላይ አይገኝም፤ ከደንቡ በፊት ባለው አድራሻ ወይም ከደንቡ በኋላ ባለው ሰርቨር ላይ ነው የሚገኘው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ደንቡን ከመጻፍዎ በፊት ምን ማረጋገጥ እንዳለብዎ፣ ደንቡን እንዴት እንደሚጽፉ፣ አልሠራ ሲልም ችግሩ የትኛው ቦታ ላይ እንደቆመ እንዴት እንደሚያውቁ በቅደም ተከተል ያሳያል።

ማሳያ እንዲሆነን አንድ የጅምላ ንግድ ቤት እንውሰድ። ዋና ቢሮው ታቦር ክፍለ ከተማ ነው፤ ቅርንጫፉ ቱላ ነው። የዕቃ መቆጣጠሪያ ፕሮግራሙ ዋናው ቢሮ ባለ ሰርቨር ላይ ተጭኖ በብሮውዘር ይከፈታል፤ የቱላዋ ሠራተኛም ከዚያው ሆና የተሸጠውን ዕቃ መመዝገብ አለባት። በመመሪያው ውስጥ የምጠቀምባቸው ቁጥሮች የሚከተሉት ናቸው፤ እርስዎ በየቦታው የራስዎን ይተኩ።

- የዋናው ቢሮ ፐብሊክ አይፒ (በኢንተርኔት ላይ የሚታወቅበት አድራሻ)፦ 203.0.113.25
- የቱላ ቅርንጫፍ ፐብሊክ አይፒ፦ 198.51.100.40
- የራውተሩ የውስጥ አድራሻ፦ 192.168.10.1
- የሰርቨሩ የውስጥ አድራሻ፦ 192.168.10.20፣ ፕሮግራሙ የሚያዳምጥበት ፖርት 443
- ከውጭ የሚከፈተው ፖርት፦ 8443

ሁለቱ ፐብሊክ አድራሻዎች ለማስተማሪያ ጽሑፍ ተብለው ከተለዩ አድራሻዎች የተወሰዱ ስለሆኑ ማንም ላይ አያርፉም። በራውተሩ ገጽ ላይ የሚታዩት የማውጫ ስሞች በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው፤ እኔ እዚህ እንደሚነበቡት አድርጌ በጥቅስ ምልክት ውስጥ አስቀምጫቸዋለሁ። ሌላ ዓይነት ራውተር ያለዎት ከሆነ የማውጫዎቹ ስም ይለያይ እንጂ አሠራሩና ምክንያቱ አንድ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የማይክሮቲክ ራውተርና የአስተዳዳሪው የይለፍ ቃል
- ዊንቦክስ (የማይክሮቲክ ራውተር ማስተዳደሪያ ፕሮግራም) የተጫነበት ላፕቶፕና የኔትወርክ ኬብል፦ በዋይፋይ ሆነው ፋየርዎል (የትኛው ጥያቄ እንደሚያልፍ የሚወስኑትን ደንቦች) አይንኩ፤ ግንኙነቱ ሲቆራረጥ ያጠፋው ደንብዎ ይሁን ዋይፋዩ መለየት አይችሉም።
- የኢንተርኔት መስመሩ ውል ወይም የአቅራቢው መረጃ፦ ፐብሊክ አይፒ እንዳለዎት ለማጣራት ይጠቅማል።
- ሞባይል ዳታ ያለው ስልክ፦ ከውጭ ሆኖ መሞከር የሚቻለው በእሱ ነው።
- ለራውተሩ፣ ለሞደሙና ለሰርቨሩ የሚበቃ ዩፒኤስ፦ ቅንብር እየቀየሩ መብራት ቢጠፋ ሥራው ግማሽ ላይ ይቀራል።
- አድራሻዎችን የሚመዘግቡበት ደብተር

ሥራውን ከሥራ ሰዓት ውጪ፣ ለምሳሌ ከቀኑ 11፡30 በኋላ፣ ይጀምሩ። ደንብ ሲሳሳት የቢሮው ኢንተርኔት በሙሉ ሊቆም ስለሚችል፣ ገንዘብ ተቀባይዋ ደንበኛ ፊት ቆማ ባለችበት ሰዓት መሞከር ተገቢ አይደለም።

ደረጃ 1፦ ራውተሩ እውነተኛ ፐብሊክ አይፒ እንዳለው ያረጋግጡ

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ቀሪውን ሥራ በከንቱ ይደክምበታል። ዊንቦክስ ውስጥ «አይፒ» ከዚያም «አድሬስስ» የሚለውን ይክፈቱና በኢንተርኔቱ በኩል ባለው መስመር ላይ የተጻፈውን አድራሻ ደብተርዎ ላይ ይጻፉ። ቀጥሎ ከዚያው ቢሮ በብሮውዘር የራስን አይፒ የሚያሳይ ማንኛውንም ድረ ገጽ ይክፈቱና ያሳየዎትን ቁጥር ከጎኑ ይጻፉ። ሁለቱ አንድ ከሆኑ ወደ ደረጃ 2 ይለፉ።

ሁለቱ ከተለያዩ ራውተሩ ላይ ያለው አድራሻ በምን እንደሚጀምር ይመልከቱ። በ10 የሚጀምር፣ ከ172.16 እስከ 172.31 ያለ ወይም በ192.168 የሚጀምር ከሆነ ፕራይቬት፣ ማለትም በውስጥ ኔትወርክ ብቻ የሚሠራ፣ አድራሻ ነው። ከ100.64 እስከ 100.127 ያለ ከሆነ ደግሞ አቅራቢው አንድን ፐብሊክ አይፒ ለብዙ ደንበኞች ያጋራበት መስመር ነው ማለት ነው። በሁለቱም ሁኔታ ከውጭ የሚመጣው ጥያቄ ከእርስዎ ራውተር በፊት ባለ ሌላ መሣሪያ ላይ ይቆማል፤ ያ መሣሪያም ጥያቄው የእርስዎ መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

መፍትሔው ያ መሣሪያ የማን እንደሆነ ይወሰናል። አድራሻው በ192.168 የሚጀምር ከሆነ ብዙውን ጊዜ የሚያግደው ቢሮው ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የፋይበር ሞደም ነው፤ ሞደሙ ራሱ እንደ ራውተር እየሠራ ስለሆነ አቅራቢው ወደ ብሪጅ (ሞደሙ መስመሩን ሳይነካ ወደ ማይክሮቲኩ ወደሚያሳልፍበት አሠራር) እንዲያዞርልዎ ይጠይቁና የፒፒፒኦኢ (ከአቅራቢው ጋር የሚገናኙበት) መለያውንና የይለፍ ቃሉን ማይክሮቲኩ ላይ ያስገቡ። ሞደሙን ወደ ብሪጅ ማዞር ካልተቻለ ሞደሙ ላይም ፖርት 8443ን ወደ ማይክሮቲኩ የሚመራ ደንብ መጻፍ የግድ ይሆናል። መስመሩን ለብዙ ደንበኞች ያጋራው አቅራቢው ከሆነ ግን እርስዎ ቢሮ ውስጥ ሆነው የሚያስተካክሉት ነገር የለም፤ ለድርጅትዎ ቋሚ ፐብሊክ አይፒ እንዲመደብ በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ወይም ሁለቱንም ቢሮዎች ፐብሊክ አይፒ ባለው በሌላ ሰርቨር በኩል በቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ በሚዘረጋ የተመሰጠረ የግል መስመር) ያገናኙ።

ደረጃ 2፦ ለሰርቨሩ የማይቀየር አድራሻ ይስጡ

የፎርዋርዲንግ ደንብ የሚያውቀው ቁጥር እንጂ ማሽን አይደለም። ሰርቨሩ አድራሻውን በራሱ ጊዜ ከራውተሩ የሚቀበል ከሆነ፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ 192.168.10.20 ለማተሚያ ማሽኑ ወይም ለአንድ እንግዳ ላፕቶፕ ሊሰጥ ይችላል፤ ያን ጊዜ ከውጭ የከፈቱት በር ወደዚያ ማሽን ይመራል። ስለዚህ አድራሻውን ሰርቨሩ ላይ በእጅ ያስገቡና ራውተሩ በራሱ ከሚያድላቸው አድራሻዎች ክልል ውጪ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ክልሉ ከ192.168.10.100 እስከ 192.168.10.200 ቢሆን 20 አይነካም ማለት ነው።

አድራሻውን ሲያስገቡ ጌትዌይ (ሰርቨሩ ወደ ውጭ የሚልከው የሚወጣበት መሣሪያ) የሚለውን ቦታ በጥንቃቄ ይሙሉ። ጌትዌዩ ይህ ደንብ የሚጻፍበት ራውተር፣ ማለትም 192.168.10.1 መሆን አለበት። አንዱ ሲቆም በሌላው ለመሥራት ብለው ሁለት የኢንተርኔት መስመር ያስገቡ ቢሮዎች አሉ፤ በእነዚህ ቢሮዎች የሰርቨሩ ጌትዌይ ሁለተኛው ሞደም ሆኖ ሲገኝ ጥያቄው በአንደኛው መስመር ይገባል፣ መልሱ ግን በሁለተኛው ይወጣል። የቱላው ኮምፒውተር ከ203.0.113.25 መልስ ሲጠብቅ ከማያውቀው አድራሻ መልስ ስለሚመጣለት ይጥለዋል፤ ገጹም እየዞረ ይቆይና ይቀራል።

ደረጃ 3፦ መጀመሪያ ከውስጥ ይሞክሩ

ከሰርቨሩ ላይ ሳይሆን እዚያው ቢሮ ካለ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሆነው ፕሮግራሙን በ192.168.10.20 ይክፈቱ። ሰርቨሩ ላይ ሆኖ መሞከር ምንም አያረጋግጥም፤ አንዳንድ ፕሮግራሞች ከራሱ ከማሽኑ የሚመጣን ጥያቄ ብቻ እንዲሰሙ ሆነው ነው የሚጫኑት። ከሌላ ኮምፒውተር ካልተከፈተ ችግሩ ሰርቨሩ ላይ ስለሆነ ራውተሩን አይንኩ።

ሰርቨሩ ዊንዶውስ ከሆነ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የዊንዶውስ ፋየርዎል ላይ ለፕሮግራሙ የተጻፈውን የመግቢያ ደንብ ይክፈቱና «ስኮፕ» የሚለውን ክፍል ይመልከቱ፤ የርቀት አድራሻው «ሎካል ሰብኔት» ተብሎ ከተወሰነ ሰርቨሩ ከ192.168.10 ቤተሰብ ውጪ የሚመጣን ሁሉ ይከለክላል። ከውስጥ ሲሞከር ጥሩ ሆኖ ከውጭ ሲሞከር የሚቆመውና ብዙ ሰው ራውተሩን እንዲጠራጠር የሚያደርገው ይህ ነው። የቱላውን 198.51.100.40 ከተፈቀዱት ጋር ይጨምሩ። ፋየርዎሉን በሙሉ አጥፍቶ መሞከርን ግን እባክዎ አይልመዱት፤ «ለአሁን ብቻ» ተብሎ የጠፋ ፋየርዎል እንደጠፋ ይቀራል።

ደረጃ 4፦ ባክአፕ ይውሰዱ፣ «ሴፍ ሞድ»ን ያብሩ

«ፋይልስ» ውስጥ ገብተው «ባክአፕ» የሚለውን ይጫኑና የተፈጠረውን ፋይል ጎትተው ወደ ላፕቶፕዎ ይቅዱት፤ ራውተሩ ውስጥ ብቻ ያለ ባክአፕ ራውተሩ ሲበላሽ አብሮ ይጠፋል። ከዚያ በዊንቦክስ ላይኛው ጥግ ያለውን «ሴፍ ሞድ» ይጫኑ። ከዚህ በኋላ የሚጽፉት ደንብ ከራውተሩ ጋር ያለዎትን ግንኙነት ቢቆርጠው ራውተሩ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ለውጡን በራሱ ይመልሰዋል። ሥራው ተሳክቶ ሲያበቃ ቁልፉን እንደገና ተጭነው ከ«ሴፍ ሞድ» መውጣትዎን አይርሱ፤ ሳይወጡ ኬብሉን ቢነቅሉ የሠሩት ሁሉ ይሰረዛል።

ደረጃ 5፦ ፖርቱንና የሚፈቀድላቸውን ይወስኑ

ከውጭ የሚከፈተው ፖርት ከውስጡ ጋር አንድ መሆን የለበትም። እዚህ 8443ን የመረጥኩት 443 ለሌላ አገልግሎት ሊያስፈልግ ስለሚችል ነው። ቁጥሩን መቀየር ግን ሰርቨሩን ይደብቀዋል ብለው አያስቡ፤ በኢንተርኔት ላይ 65535ቱንም ፖርት እየዞሩ የሚፈትሹ ፕሮግራሞች አሉና ያገኙታል። ሰርቨሩን የሚጠብቀው ማን መግባት እንደሚችል መወሰኑ ነው።

ስለዚህ «አይፒ» ከዚያ «ፋየርዎል» ውስጥ «አድሬስ ሊስትስ» የሚለውን ይክፈቱና «ቅርንጫፎች» ለሚለው ሐሳብ የሚስማማዎትን ስም የያዘ ዝርዝር ይፍጠሩ። ስሙን በላቲን ፊደል አጭር አድርገው ይጻፉት፤ በዝርዝሩም ውስጥ 198.51.100.40ን ያስገቡ። ለደረጃ 9 ስለሚያስፈልግ የውስጡን ኔትወርክ፣ ማለትም 192.168.10.0/24ንም (በ192.168.10 የሚጀምሩትን አድራሻዎች በሙሉ) አብረው ያስገቡ። የቅርንጫፉ ፐብሊክ አይፒ የሚቀያየር ከሆነና እዚያም የማይክሮቲክ ራውተር ካለ፣ የቅርንጫፉ ራውተር «ክላውድ» በሚለው አገልግሎት የሚያገኘውን ስም በቁጥሩ ፋንታ ዝርዝሩ ውስጥ ማስገባት ይቻላል፤ የራውተሩ ሥርዓተ ክወና፣ ራውተርኦኤስ፣ ከ6.36 ቅጂ ጀምሮ ስሙን ራሱ እየፈታ ቁጥሩን ያድሳል። ቅርንጫፉ ፐብሊክ አይፒ የሚያጋራ መስመር ላይ ከሆነ ግን የፈቀዱለት አድራሻ የማያውቋቸው ሌሎች ደንበኞችም የሚወጡበት ስለሆነ ዝርዝሩ ጥበቃው ይላላል፤ ለእንዲህ ያለ ቅርንጫፍ እኔ የምመርጠው ፖርት ከመክፈት ይልቅ ቪፒኤን ነው።

ማስጠንቀቂያ። የሚከተሉትን ፖርቶች ወደ ኢንተርኔት አይክፈቱ፤ 3389 (የዊንዶውስ ርቀት ዴስክቶፕ)፣ 445 (የፋይል መጋሪያ)፣ 1433 እና 3306 (ዳታቤዝ)፣ 23 (ቴልኔት) እንዲሁም 8291 (ራሱ ዊንቦክስ)። በ8291 በኩል ያለ ጉድለት እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ ሆኖ ያልታደሱ ራውተሮች የይለፍ ቃላቸው የተሰረቀው ይህ ፖርት ለኢንተርኔት ክፍት ስለነበረ ነው። ሞደም ላይ «ዲኤምዜድ» የሚለውን ሰርቨሩ ላይ ማብራትም አንድ ፖርት ሳይሆን ሁሉንም መክፈት ነው። ሰዎች ርቀት ዴስክቶፕ ወይም ዳታቤዝ ከውጭ የሚያስፈልጋቸው ከሆነ መንገዱ ቪፒኤን ነው፤ በዚህ ላይ ልዩነት አላደርግም።

ደረጃ 6፦ የናት ደንቡን ይጻፉ

«አይፒ» ከዚያ «ፋየርዎል» ከዚያ «ናት» (አድራሻና ፖርት የሚቀየርበት ክፍል) ውስጥ ገብተው የመደመር ምልክቱን ይጫኑና እንደሚከተለው ይሙሉ።

1. «ቼይን» የሚለው ላይ «ዲኤስቲናት»ን ይምረጡ።
2. «ዲኤስቲ አድሬስ» ላይ 203.0.113.25 ያስገቡ። ፐብሊክ አይፒዎ የሚቀያየር ከሆነ ይህን ባዶ ትተው «ኢን ኢንተርፌስ ሊስት» ላይ «ዋን» (በኢንተርኔቱ በኩል ያለው መስመር) የሚለውን ይምረጡ።
3. «ፕሮቶኮል» ላይ «ቲሲፒ»ን ይምረጡ፤ ይህ ሳይመረጥ የፖርት ቁጥር መጻፊያው አይከፈትም።
4. «ዲኤስቲ ፖርት» ላይ 8443 ያስገቡ። ከላዩ ያለው «ኤስአርሲ ፖርት» ባዶ ይቆይ፤ እሱ ጠያቂው ኮምፒውተር በየጊዜው የሚቀያይረው ፖርት ስለሆነ 8443 ከጻፉበት ደንቡ ለማንም አይሠራም።
5. «አድቫንስድ» በሚለው ገጽ «ኤስአርሲ አድሬስ ሊስት» ላይ በደረጃ 5 የፈጠሩትን ዝርዝር ይምረጡ።
6. «አክሽን» በሚለው ገጽ «ዲኤስቲ-ናት»ን ይምረጡና «ቱ አድሬስስ» ላይ 192.168.10.20፣ «ቱ ፖርትስ» ላይ 443 ያስገቡ።
7. «ኮሜንት» ተጭነው ደንቡ ለምን እንደተጻፈና በማን ጥያቄ እንደተከፈተ ይጻፉ።

ሁለተኛው ነጥብ የሚያስከትለውን ላስረዳ። የመድረሻ አድራሻውንም የመግቢያውን መስመርም ባዶ ትተው ፖርት ብቻ ቢጽፉ፣ ደንቡ ከውጭ የሚመጣውን ብቻ ሳይሆን ከቢሮው ወደ ውጭ የሚሄደውንም ይይዛል። በተለይ ከውጭ የሚከፈተው ፖርት 443 ቢሆን የቢሮው ሠራተኞች ባንክ ይክፈቱ ኢሜይል ጥያቄያቸው ሁሉ ወደ ዕቃ መቆጣጠሪያው ሰርቨር ይዞርና ብሮውዘሩ የምስክር ወረቀቱ ትክክል አይደለም እያለ ያግዳቸዋል። ሰው ይህን ሲያይ ቫይረስ ገባ ብሎ ይደነግጣል፤ መድኃኒቱ ግን ያቺን ባዶ ቦታ መሙላት ነው።

ደረጃ 7፦ የፊልተር ደንቡን ያስተካክሉ

ናት ጥያቄው ወዴት እንደሚሄድ ብቻ ነው የሚወስነው፤ ማለፍ ይችል እንደሆነ የሚወስነው «ፊልተር ሩልስ» ነው። ራውተሩ ከፋብሪካ ይዞት የሚመጣው ፋየርዎል ሳይነካ ካለ፣ ከኢንተርኔት የሚመጣውንና በናት ያልተመራውን ብቻ የሚጥል ደንብ «ፎርዋርድ» ላይ ስላለ በደረጃ 6 የመራነው ያልፋል። ባለሙያ የራሱን ፋየርዎል ጽፎበት ሁሉን የሚጥል ደንብ መጨረሻ ላይ ካስቀመጠ ግን የሚከተለውን ይጨምሩ፤ «ቼይን» «ፎርዋርድ»፣ «ፕሮቶኮል» «ቲሲፒ»፣ «ዲኤስቲ አድሬስ» 192.168.10.20፣ «ዲኤስቲ ፖርት» 443፣ «አክሽን» «አክሰፕት»።

እዚህ ላይ የተጻፈው 8443 ሳይሆን 443፣ ፐብሊኩ ሳይሆን የውስጡ አድራሻ መሆኑን ልብ ይበሉ። ራውተሩ አድራሻና ፖርቱን የሚቀይረው ጥያቄው እንደገባ፣ ፊልተሩ ጋ ከመድረሱ በፊት ስለሆነ፣ ፊልተሩ የሚያየው የተቀየረውን ነው። ፊልተሩ ላይ 203.0.113.25ንና 8443ን የጻፈ ሰው ደንቡ ትክክል መስሎት ሲያየው ይውላል፤ አንድም ጥያቄ ግን አይነካውም።

ደንቡን ጎትተው ሁሉን ከሚጥለው ደንብ በላይ ያድርጉት፤ ራውተሩ ከላይ ወደ ታች እያነበበ የመጀመሪያው የሚገጥመው ላይ ይቆማል። «ፎርዋርድ» ከማለት ፋንታ «ኢንፑት» ብለው እንዳይጽፉም ይጠንቀቁ፤ «ኢንፑት» ወደ ራውተሩ ራሱ የሚገባውን የሚመለከት ስለሆነ ሰርቨሩን ሳይሆን ራውተሩን ነው የሚከፍቱት።

ደረጃ 8፦ ከውጭ ይሞክሩ፣ ቆጣሪውን ይመልከቱ

ስልክዎ ላይ ዋይፋዩን ያጥፉና በሞባይል ዳታ 203.0.113.25ን ከፖርት 8443 ጋር ይክፈቱ። የስልኩ አድራሻ ዝርዝሩ ውስጥ ስለሌለ መከልከል አለበት፤ ይህም የመጀመሪያው ፈተና ነው፤ ከተከፈተ «ኤስአርሲ አድሬስ ሊስት»ን ረስተዋል ማለት ነው። ከዚያ ስልኩ የወጣበትን ፐብሊክ አይፒ ዝርዝሩ ውስጥ በጊዜያዊነት ያስገቡና እንደገና ይሞክሩ። ሲጨርሱ ያውጡት። የመጨረሻው ፈተና ግን ቱላ ካለው ኮምፒውተር የሚደረገው ነው።

አልከፈት ካለ ደንቦቹን እየሰረዙ እንደገና አይጻፉ። ናትና ፊልተር ላይ በእያንዳንዱ ደንብ ፊት «ፓኬትስ» (መረጃው ተከፋፍሎ የሚጓዝባቸው ትንንሽ ጥቅሎች) የሚል ቆጣሪ አለ፤ ሰው ከውጭ እየሞከረ እርስዎ ቆጣሪውን ይመልከቱ። ናት ላይ የሚቆጠረው የእያንዳንዱ ግንኙነት የመጀመሪያ ፓኬት ብቻ ስለሆነ ቁጥሩ ጥቂት ጥቂት ቢጨምር አይግረምዎ።

የናቱ ቆጣሪ ዜሮ ላይ ከቆመ ጥያቄው ወይ ራውተሩ ጋ አልደረሰም ወይ ደርሶ ከደንቡ ጋር አልገጠመም። ወደ ደረጃ 1 ይመለሱና አድራሻውን ያጣሩ፤ ከዚያ የሞካሪው ፐብሊክ አይፒ ዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን ይዩ። ሁለቱም ትክክል ከሆኑ «ቱልስ» ውስጥ ያለውን «ቶርች» በኢንተርኔቱ መስመር ላይ ከፍተው 8443 የሚል ጥያቄ ይመጣ እንደሆነ ይመልከቱ፤ ጭራሽ ካልመጣ ጉዳዩ የአቅራቢው ወይም የሞደሙ ነው።

ናቱ ቆጥሮ ፊልተሩ ላይ የጻፉት ደንብ ካልቆጠረ፣ ከሱ በላይ ያለ ሌላ ደንብ ጥያቄውን ጥሎታል፤ ወይም የፊልተሩ አድራሻና ፖርት የውስጡ አይደለም።

ሁለቱም ቆጥረው ገጹ ካልመጣ ራውተሩ የድርሻውን ጨርሷል፤ ችግሩ ሰርቨሩ ላይ ነው። የሰርቨሩን ጌትዌይ፣ ቀጥሎም በደረጃ 3 የተነሳውን የዊንዶውስ ፋየርዎል ይመልከቱ። ሁለት መስመር ያለው ራውተር ከሆነ ደግሞ ጥያቄው የገባበት መስመር ራውተሩ በመደበኛነት ወደ ውጭ የሚወጣበት መስመር መሆኑን ያረጋግጡ፤ ካልሆነ መልሱ በገባበት እንዲወጣ የሚያደርግ ምልክት «ማንግል» ላይ መጻፍ ያስፈልጋል፤ ቀላሉ ግን ዋናውን መስመር ለዚህ ሥራ መጠቀም ነው።

ደረጃ 9፦ ከቢሮው ውስጥ በዚያው አድራሻ እንዲከፈት ማድረግ

ከቱላ ተከፍቶ ከታቦር ቢሮ ግን በ203.0.113.25 አልከፈት ሊል ይችላል። ምክንያቱ ይህ ነው፤ የሠራተኛው ላፕቶፕ ጥያቄውን ለራውተሩ ይልካል፤ ራውተሩ ወደ ሰርቨሩ ያዞረዋል፤ ሰርቨሩ ግን ጠያቂው የጎረቤቱ መሆኑን ስለሚያይ መልሱን በራውተሩ በኩል ሳይሆን በቀጥታ ይልካል። ላፕቶፑ ከ203.0.113.25 የሚጠብቀው መልስ ከ192.168.10.20 ሲመጣበት አይቀበለውም።

«ናት» ላይ ሁለተኛ ደንብ ይጨምሩ፤ «ቼይን» «ኤስአርሲናት»፣ «ኤስአርሲ አድሬስ» 192.168.10.0/24፣ «ዲኤስቲ አድሬስ» 192.168.10.20፣ «ፕሮቶኮል» «ቲሲፒ»፣ «ዲኤስቲ ፖርት» 443፣ «አክሽን» «ማስከሬድ»። ይህ ደንብ ሰርቨሩ መልሱን ለራውተሩ እንዲመልስ ያስገድደዋል። ጉዳቱ በሰርቨሩ መዝገብ ላይ በዚህ መንገድ የገቡ የቢሮው ሠራተኞች ሁሉ በራውተሩ አድራሻ መታየታቸው ነው። በደረጃ 6 «ዲኤስቲ አድሬስ»ን ባዶ ትተው «ዋን»ን የመረጡ ከሆነ ጥያቄው ከውስጥ ስለሚመጣ የመጀመሪያው ደንብ አይዘውም፤ ይህም ዘዴ አይሠራም። እንዲህ ከሆነ ለሰርቨሩ ስም ያውጡለትና ራውተሩ «ዲኤንኤስ» ላይ ስሙን ከ192.168.10.20 ጋር ያያይዙ፤ ስም ፖርት ስለማይቀይር ግን የውስጡና የውጭው ፖርት አንድ እንዲሆን ፕሮግራሙን ወደ 8443 ማዛወር ይኖርብዎታል።

ደረጃ 10፦ ይመዝግቡ፣ ክትትል ያድርጉ

ከ«ሴፍ ሞድ» ይውጡ፤ አዲስ ባክአፕ ይውሰዱ። በደብተሩ ላይ የተከፈተውን ፖርት፣ የሚሄድበትን ሰርቨር፣ የተፈቀደላቸውን አድራሻዎችና የተከፈተበትን ቀን ይጻፉ። «ዩፒኤንፒ» የበራ ከሆነ ያጥፉት፤ ከውስጥ ያለ ማንኛውም ፕሮግራም ሳያስፈቅድ ፖርት እንዲከፍት ስለሚፈቅድ ይህን ሁሉ ጥንቃቄ ከንቱ ያደርገዋል።

«ሲስተም» ውስጥ «ክሎክ» ላይ የሰዓት ክልሉ አዲስ አበባ መሆኑን፣ ሰዓቱንም ከኢንተርኔት እንዲወስድ መደረጉን ያረጋግጡ። የራውተሩ መዝገብ በ24 ሰዓት አቆጣጠርና በፈረንጅ ቀን ነው የሚጻፈው፤ የቱላዋ ሠራተኛ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ አልከፈት አለኝ» ብላ ብትደውል መዝገቡ ላይ መፈለግ ያለብዎት 09፡00 አካባቢ ነው፤ 03፡00 ላይ ቢፈልጉ ሌሊት 9 ሰዓት የሆነውን ነው የሚያነቡት።

ቅርንጫፉ ሲዘጋ ወይም ፕሮግራሙ ሲቀየር ደንቡን ወዲያውኑ አይሰርዙ፤ መጀመሪያ የ«ኤክስ» ምልክቱን ተጭነው ያሰናክሉት። አንድ ሳምንት ቆይቶ ማንም ካልጠየቀ ደንቡን ከናትም ከፊልተርም ይሰርዙ፤ አድራሻውንም ከዝርዝሩ ያውጡ፤ የተሰረዘበትንም ቀን ደብተሩ ላይ ከተከፈተበት ቀን ጎን ይጻፉ።